ከሆለታ ማሳ እስከ ሱባ ጫካ

ህዳር ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ ስትወጡ ግራ ቀኙ ስንዴና ጤፍ ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን መድረሻዬ የመናገሻ ሱባ ደን ነበር። መንገድ ላይ ስንዴ የሚያጭዱ አንድ አባት አየሁና ቆምኩ።

«አባባ፣ በርቱ! ዘንድሮ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ዋግ አልመታውም። ግን ልጄ፣ ይሄ መሬት ያለ ማዳበሪያ ምንም አይሰጥህም።»

ለምን እንደማይሰጥ እዚያው ቆሞ ማየት ይቻላል። እህሉ ለጎተራና ለገበያ፣ ገለባው ለከብት፣ እበቱ እንኳ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ማሳው ላይ ምን ቀረ? ስለዚህ ከአፈሩ የወጣውን ምግብ በየዓመቱ ከማሳው ውጭ አምጥቶ መተካት ግድ ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። እሳቸው ደግሞ ስንዴውን ከባቄላ ጋር ያፈራርቃሉ። የባቄላ ሥር ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ላይ ይይዛሉ፣ ያውም በነፃ!

ሱባ ስገባ መጀመሪያ የታወቀኝ መሬቱ ነው፤ ይለሰልሳል። ቅጠል ይወድቃል፣ ትሉና ፈንገሱ ያበሰብሰዋል፣ ዛፉ መልሶ ይስበዋል። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ተደባልቀው ቆመዋል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶ ይመጣል፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። አባባ ያነሱት ዋግ፣ ማለትም የሰብል በሽታው፣ ስንዴ ላይ ሲነሳ ከማሳ ማሳ የሚጋልበው ጎረቤቱም ያው ስንዴ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን የጽዱ ጎረቤት ወይራ ነው፣ የአንዱ በሽታ ሁሉንም በአንዴ አይጠራርግም።

ደግሞ ይሄ ጫካ የሰው እጅ ያልነካው አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተክለውበታል ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም በየዓመቱ አላረሰውም፣ አላጨደውም። ልዩነቱ ማን ተከለው ሳይሆን በየዓመቱ ምን ይወጣል የሚለው ይመስለኛል።

ስመለስ መንገዱ ዳር ያለውን ባህር ዛፍ ሁሉ በዚህ ዓይን አየሁት። ብዙ ሰው ደን ይለዋል፤ ለእኔ ግን ቁመቱ የረዘመ ማሳ ነው። ሁሉም አንድ ዘር፣ ሁሉም እኩያ፣ በመስመር የተደረደረ። ሲደርስ ይቆረጥና አጣናው በአይሱዙ ተጭኖ ለከተማው ግንባታ ይሄዳል፣ ከሥር የረገፈው ቅጠልም ተጠርጎ ለማገዶ ይሸጣል።