የጆርጂያን የሴኔት ምርጫ በካውንቲ ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወዳጆች። ሁላችንም ዳታ የምንለማመድ ነንና ሰሞኑን የያዝኩትን ሥራ ላካፍላችሁ። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ስቴት የተደረጉ ያለፉ የፌዴራል ሴኔት ምርጫዎችን ውጤት በየካውንቲው (ካውንቲ ማለት የስቴቱ የአስተዳደር ክፍል ነው) እየሰበሰብኩ ካርታ ላይ እያሰፈርኩ ነው። ጆርጂያን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ክላርክስተንና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ ይኖርባቸዋል፤ ዜግነት ያገኙት ወገኖቻችንም ድምፅ የሚሰጡት እዚያው ነው። ደግሞም በጥር 2021 ሴኔቱ በየትኛው ፓርቲ እጅ እንደሚገባ የተወሰነው በጆርጂያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አሠራሩ ባጭሩ ልበል። የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ የየካውንቲውን ውጤት በኤክሴል ያወጣል። ያንን ከካርታው ፋይል ጋር ስታገናኙ በካውንቲው ስም አትመኑ። «ዲካልብ» አንዱ ፋይል ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተነጣጥሎ ይጻፋል። የፌዴራል መለያ ቁጥሩን ተጠቀሙ፤ ፉልተን 13121፣ ዲካልብ 13089 ነው። የቀረውን ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ይጨርሰዋል። ወደ ድሮ ዘመን የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሚልተንና ካምቤል የሚባሉት ካውንቲዎች በ1932 ፉልተን ውስጥ ተጠቃለዋል። ፉልተን እንዲያ ረዝሞ የሚታየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጆርጂያ 159 ካውንቲ አላት። በብዛት የሚበልጣት ቴክሳስ ብቻ ነው። ያሸነፈውን ፓርቲ ቀለም በየካውንቲው ስትቀቡ ካርታው ቀይ በቀይ ይሆናል (ቀይ የሪፐብሊካን፣ ሰማያዊ የዲሞክራት ቀለም ነው)። በ2021 ሁለቱንም ወንበሮች ዲሞክራቶቹ ጆን ኦሶፍና ራፋኤል ዋርኖክ ወሰዱ፤ ካርታው ግን ሪፐብሊካን ያሸነፈ ነው የሚመስለው። ነገሩ ግልጽ ነው። ፉልተን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፣ ታሊያፌሮ ካውንቲ ደግሞ ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም። ቀለም የሚቀባው መሬቱን ነው።

በጣም የመሰጠኝ ግን ይህ የዓይን ስህተት በጆርጂያ ለአሥርት ዓመታት ሕግ ሆኖ መኖሩ ነው። በ1917 የወጣ ሕግ የዲሞክራቶችን የውስጥ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበትን፣ በካውንቲ ዩኒት (ለየካውንቲው በተመደበ ነጥብ) እንዲቆጠር አደረገ። ስምንቱ ትልልቅ ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው 6 ዩኒት፣ ቀጣዮቹ 30 ካውንቲዎች 4፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 ዩኒት ነበራቸው። በካውንቲው የመራው ዩኒቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚያ ዘመን ሪፐብሊካን በጆርጂያ አቅም ስላልነበረው የውስጥ ምርጫውን ያሸነፈ ወንበሩን አገኘ ማለት ነው፤ ገዥም ይሁን ሴናተር። በ1946 ጄምስ ካርማይክል ለገዥነት ብዙ ድምፅ አግኝቶ በዩኒት ተበለጠና ዕጩነቱን ዩጂን ታልማጅ ወሰደ። ዩጂን «ትራም ያለበት ካውንቲ ባይመርጠኝ ግድ የለኝም» ዓይነት ንግግር ያዘወትር እንደነበር ይነገራል። ከተማ ውስጥ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ የመምረጥ መብቱን እያስከበረ ሲመጣ እንኳ ድምፁ በዚህ ስሌት ይቀልል ነበር።

ነገሩን ፍርድ ቤት ያነሳቸው ቁጥሮች ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። በኤኮልስ ካውንቲ አንድ ዩኒት 938 ነዋሪ ይወክል ነበር። በፉልተን ግን አንድ ዩኒት የሚወክለው 92,721 ነዋሪ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በግሬይና ሳንደርስ መዝገብ ይህን አሠራር ሻረው። «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለው መርህ የመጣው ከዚያ ውሳኔ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ካስቀመጥኩ ወዲህ በአሸናፊ ቀለም ብቻ የተሠራ ካርታ ለማንም ማሳየት አልፈልግም።

ሌላው የደነቀኝ ዓመት 1980 ነው። የዩጂን ልጅ ሴናተር ኸርማን ታልማጅ በማክ ማቲንግሊ ተሸነፈ። ማቲንግሊ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ቀጥሎ ከመጣው የመልሶ ግንባታ ዘመን ወዲህ በጆርጂያ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ሴናተር ነው። ታዲያ ድምፁን ከየት አመጣው? ከአትላንታና ከዙሪያዋ! ዲካልብ የመረጠው ሪፐብሊካኑን ነው፤ ገጠሩ ከታልማጅ ጋር ቆመ። ዛሬ ዲካልብ ለዲሞክራት ከ80 ፐርሰንት በላይ ይሰጣል። ኮብና ጉዊኔት በ2014 ለሪፐብሊካኑ ሴናተር ዴቪድ ፐርዱ ድምፅ ሰጥተው በ2021 እሱኑ ጣሉት። ካውንቲ ቋሚ ጠባይ የለውም፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ትውልድ ይቀየራል።

ስለዚህ አሠራሬን ቀየርኩ። ካውንቲውን በሙሉ በመቀባት ፋንታ በየካውንቲው መሃል ላይ ክብ አደርጋለሁ፤ የክቡ ስፋት አሸናፊው በስንት ድምፅ እንደበለጠ ያሳያል። ወዲያው አትላንታ ጎልታ ወጣች። ከኮሎምበስ በሜከን አድርጎ ወደ ኦገስታ የሚዘረጋው የጥንቱ የጥጥ እርሻ ቀበቶም በትንንሽ ሰማያዊ ክቦች ታየ። ባሪያ የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም የሚኖሩበት መሬት ነው።

ከዚያ የሁለት ዙሮችን ልዩነት ሳልኩ፤ በጣም የምመክራችሁም ይህንን ነው። በጆርጂያ ማንም 50 ፐርሰንት ካላለፈ ሁለተኛ ዙር ይደረጋል። ፐርዱ በኅዳር 2020 ኦሶፍን በ88 ሺህ ገደማ መርቶ 49.7 ፐርሰንት ላይ ቆመ። በጥር በ55 ሺህ ገደማ ተሸነፈ። ኦሶፍ ግን ድምፅ አልጨመረም! ከኅዳሩ 105 ሺህ ገደማ ቀንሶበታል። ፐርዱ ደግሞ 248 ሺህ ገደማ አጣ። ብዙዎቻችን «ሕዝቡ ሐሳቡን ቀየረ» ብለን የምናነበው ውጤት በአብዛኛው «እነማን ቤት ቀሩ» የሚል ነው። በዳልተን ዙሪያ ያለው የሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ዶናልድ ትራምፕ በምርጫው ዋዜማ የቀሰቀሱበት አካባቢ፣ ተሳትፎው በደንብ ከወረደባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

2022 ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ሪፐብሊካኑ ገዥ ብራያን ኬምፕ ለሴኔት ከተወዳደረው የፓርቲ ጓዳቸው ከኸርሼል ዎከር 200 ሺህ ገደማ ድምፅ በልጠው አገኙ። ኬምፕ ሲያሸንፉ ዎከር በታኅሣሥ ሁለተኛ ዙር በዋርኖክ ተሸነፈ። ይህን ለማየት በየካውንቲው የአንዱን ውድድር ድምፅ ከሌላው ቀንሱ፤ ክፍተቱ በአትላንታ ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች ይሰፋል።

አንድ ጥያቄ ግን በካውንቲ ቁጥር አይመለስም፦ «ሐበሻው እንዴት መረጠ?» የሚለው። ዲካልብ 80 ፐርሰንት ስላለ እኛም 80 ነን ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቀጥሎ ወደ ምርጫ ጣቢያ ደረጃ ወርጄ የክላርክስተንን ዙሪያ እሠራለሁ። የጣቢያዎች ወሰን ከምርጫ ምርጫ ስለሚቀያየር ከባዱ ሥራ እሱ ነው። በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ የድሮውን ወሰን ከአዲሱ ጋር እንዴት እንዳስማማችሁ ጻፉልኝ።