ስለ ቁጥቋጦው ማንም አልነገረኝም፦ በፔሎፖኔዝ ፍርስራሽ መንደሮች የድንጋይ ቤቶችን ስንመዘግብ

በግሪክ ገጠር የመካከለኛው ዘመን የገበሬ ቤቶችን ለመመዝገብ ያሰበ ሰው፣ የጥናት ፈቃዱ እጁ ሲገባ ከባዱ ነገር ያለፈ ይመስለዋል። ይህን የምጽፈው አላለፈም ለማለት ነው። በአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ፣ ግሪኮችም የውጭ አገር ሰዎችም ያሉበት ቡድን አባል ሆኜ በደቡብ ግሪክ ባለው የፔሎፖኔዝ ልሳነ ምድር ተራሮች ላይ ነዋሪዎቻቸው የለቀቋቸውን መንደሮች መዝግቤአለሁ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ብዙ ሰው ብዙ መከረኝ፤ ሥራውን ያጓተተውን ነገር ግን አንድም ሰው አላነሳውም።

ስለ ፈቃዱ ራሱ ብዙ የምለው የለም። የውጭ ቡድን ማመልከቻውን የሚያስገባው አቴንስ በሚገኘው የአገሩ የአርኪዮሎጂ ትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ጉዳዩ በባህል ሚኒስቴር ሥር ባለው ማዕከላዊ የአርኪዮሎጂ ምክር ቤት ይታያል፤ ጊዜ ይወስዳል፤ በመጨረሻ ይገኛል። መታወቅ ያለበት ሕግ ቁጥር 3028/2002 ነው፤ ከ2021 ወዲህ በሕግ ቁጥር 4858/2021 ውስጥ ተካቷል። በዚህ ሕግ እስከ 1830 ድረስ የተሠራ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ሁሉ እንደ ጥንታዊ ሐውልት ይጠበቃል (ዘመኖቹንም ወሮቹንም የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ ጣሪያው የወደቀ፣ ፍየል የሚያድርበት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የገበሬ ቤት በሕግ ፊት ከቤተ መቅደስ ጋር በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። ነገሩ ያስደስታል፤ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

ዛሬ ሰው ከሚኖርበት መንደር በላይ ያለውን፣ ፍርስራሹ የሚገኝበትን ተዳፋት የሸፈነው ፑርናሪ የሚባል፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሾህ ያወጣ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ የኦክ ቁጥቋጦ ነው። ፍየል ስለሚግጠው ቁመቱ ከሰው ወገብ ብዙ አያልፍም፤ ነገር ግን እርስ በርሱ ስለሚቆላለፍ በመካከሉ መራመድ አይቻልም። ግድግዳዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። የቤቱን ማዕዘን ለማየት ቅርንጫፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ እኛም በመጀመሪያው ሳምንት መቁረጫ መቀሳችንን ይዘን ስንወጣ፣ ሥራውን እንዲከታተል ከአካባቢው የቅርስ ጽሕፈት ቤት የተመደበው ሰው አስቆመን። ፈቃዳችሁ የሚለው «ጣልቃ ገብነት የሌለበት የገጽ ምድር ዳሰሳ» ነው፤ በሐውልት ላይ የበቀለ ተክል መቁረጥ ጽዳት ነው፤ ጽዳት ደግሞ ጣልቃ ገብነት ነው አለን።

ሐሳቡ መሠረት የለውም አልልም። የፑርናሪ ሥር በጭቃ የተያያዘን ግንብ ሰንጥቆ ስለሚገባ፣ ነቅለው ሲያወጡት ግንቡም አብሮ ይወጣል። እኛ ግን ሥር እንደማንነካ፣ ከድንጋዩ በላይ ያለውን ብቻ እንደምንቆርጥ በጽሑፍ አስገባን። የተሰጠን መልስ ተዳፋቱ በደን ካርታ ላይ ደን ተብሎ ስለተመዘገበ መጀመሪያ የደን ጽሕፈት ቤቱን አስተያየት አምጡ የሚል ነበር። የደን ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ ቦታው ላይ ሐውልት ስላለ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ስምምነት ሳይቀድም ምንም አንጽፍም አለ። ሁለቱ ቢሮዎች ያሉት በአንድ ከተማ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ አይራራቁም። ያም ሆኖ ደብዳቤው በእጅ አይሄድም፤ መዝገብ ቤት ገብቶ የፕሮቶኮል ቁጥር ካልተሰጠው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ቁጥር የምትሰጠው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ከሆነች ደግሞ እስክትመለስ ይጠበቃል። አንዱ ኃላፊ ምሬታችንን በትዕግሥት ሲሰማ ቆይቶ፣ «ድሮን አላችሁ አይደል?» ብሎ ጠየቀን። ድሮን ነበረን። ከላይ የተነሱትን ፎቶግራፎች አቀናብረን የሠራነው ባለ ሦስት አውታር ሞዴል በጣም ትክክለኛ ነበር፤ የቁጥቋጦውን አናት ቅጠል በቅጠል ያሳያል። ከሥሩ ስላለው ቤት አንዲት መስመር አልሰጠንም።

ስምምነቱ በመጨረሻ የመጣው በሐምሌ ነው። በግሪክ ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 31 የእሳት አደጋ ወቅት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ብልጭታ ሊያወጣ የሚችል ማንኛውም ሞተር ያለው መቁረጫ እንዳንጠቀም የሚከለክል አንቀጽ ተጨምሮበታል። ለክልከላው ተቃውሞ የለኝም፤ በዚያ ሙቀት ተራራውን ማቃጠል የሚፈልግ የለም። የሚያናድደኝ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ማሽን የሚፈቀድበት ወቅት ማለፉ ነው። የቀረውን የቆረጥነው በእጅ ነው። ከፊሉን መንደር ሳንመዘግብ ወቅቱ አለቀ።

እንግዲህ ምክሬ ከመመሪያው ጋር አይስማማም። መመሪያው የተክል ጽዳት የሚያስፈልግ ከሆነ በሥራው ሂደት ይጠየቃል ይላል። አትስሙት። የዳሰሳ ማመልከቻው ሲገባ የጽዳቱም ጥያቄ አብሮ ይግባ፤ ለሁለቱም ቢሮዎች በአንድ ቀን፣ አንዱ ለሌላው በግልባጭ፣ በመጸው ወራት ይግባ። ከተቻለ የመስክ ሥራው ራሱ በክረምት፣ ማለትም በአውሮፓ የብርድ ወራት ይሁን፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚልኩት በበጋ መሆኑ ለቤቶቹ ምንም አይፈይድም። በክረምት ማሽን ይፈቀዳል፣ እባቡም በጉድጓዱ ነው። ድሮኑም ይዘገይ፤ መጀመሪያ ሜትር፣ ገመድና ቱንቢ ተይዞ እያንዳንዱ ቤት በእጅ በ1፡50 ይሳል። በእጅ የሚስል ሰው ድንጋዩን አንድ በአንድ ለማየት ይገደዳል።

ማየቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ልናገር። ፍራንኮች የሚባሉት የምዕራብ አውሮፓ መስቀል ጦረኞች ፔሎፖኔዝ የገቡት በ1205 ነው፤ ኦቶማኖች በ1460 ያዙት፤ ከ1685 እስከ 1715 ደግሞ ቬኒስ ገዛችው። ገዥው ሲለዋወጥ የገጠሩ ግንበኛ ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ በጭቃ ማያያዙን አልተወም፤ ስንጥቁን በጣሪያ ሸክላ ስባሪ መጠቅጠቁንም ቀጠለ። ሁለት ፊት ያለው፣ መካከሉ በጠጠር የተሞላ፣ ውፍረቱ ሰባ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ግድግዳ የ13ኛው ክፍለ ዘመንም የ18ኛውም ሊሆን ይችላል። የሚለየው መጋጠሚያው ነው። አንድ ቤት ላይ የሰሜኑ ግድግዳ ድንጋዮች ከምሥራቁ ጋር እንደ ጣት ተቆላልፈው ነበር፤ የምዕራቡ ግን ዝም ብሎ ተደግፎ ስለተሠራ ከላይ እስከ ታች ቢላ የሚያስገባ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይታያል። ይህ በኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነው። በዚያ በተጨመረው ግድግዳ ጭቃ ውስጥ ቢጫማ አረንጓዴ መስታወትማ ቅባት ያለው፣ ከቅባቱ ሥር በሹል ነገር የተጫረ ጌጥ የሚታይበት ገል ተቀርቅሮ አገኘን። ገሉ የሚነግረን ግድግዳው ከእርሱ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሆነ አይነግርም። ገሉን አላወጣነውም፤ ፎቶ አንስተን ቦታውን ምልክት አድርገን ተውነው።

በአንድ ነገር ልኮራ። የቡድኑ አባላት ከታችኛው ክፍል ግድግዳ ወጣ ብሎ የተሠራ፣ መካከሉ የተበሳ ድንጋይ አይተው የመስኮት መያዣ ነው ተባባሉ። ቀዳዳው በአንድ ወገን ብቻ በገመድ ተበልቶ ለስልሷል። እኔ ላስታ ውስጥ ከብት ከታች ሰው ከላይ በሚያድርበት የድንጋይ ቤት ያደግሁ ስለሆንኩ የበሬ ማሰሪያ ነው አልኩ፤ በኋላ ከታችኛው መንደር የመጡ አዛውንት ያሉትም ይኸው ነበር። እኚሁ አዛውንት እኛ «ክብ ሕንፃ» ብለን የመዘገብነውን አውድማ ነው ብለው አረሙልን። የመንደር ሰው ቃል የሚጻፍበት ቦታ በቅጹ ላይ የለም፤ ከጀርባው ጻፉት።

ሌላው በአጭሩ የሚነገር ነው፦ ስልክ የሚሰጠው ኮኦርዲኔት (የቦታ መለያ ቁጥር) እና የ1987ቱ የግሪክ መለኪያ ሥርዓት በሦስት መቶ ሜትር ገደማ ስለሚለያዩ፣ ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ቤቱን ካርታው ላይ ከማዶ ሸለቆ ያገኘዋል።

የመጨረሻው ጠብ በቅጹ ላይ ሆነ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የዘመን ሳጥን አለ፤ ቢዛንታይን፣ ፍራንክ ወይም ኦቶማን ተብሎ አንዱ ብቻ ይመረጣል። በመካከለኛው ግሪክ ያለውን የቦይኦቲያን ገጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠኑት አርኪዮሎጂስቶች ጆን ቢንትሊፍና አንቶኒ ስኖድግራስ እንኳ ፍርስራሹን ከመንደር ስም ጋር ለማገናኘት የታሪክ ተመራማሪው ማኪል ኪል ያነበባቸው፣ በየመንደሩ ያለውን አባወራ የቆጠሩ የኦቶማን የግብር መዝገቦች አስፈልገዋቸዋል። እኛ ግን ከአንድ ግድግዳ ፊት ቆመን ምልክት እንድናደርግ ተጠየቅን። ሁሉንም ሳጥኖች ባዶ ትተን «ቢያንስ ሁለት የግንባታ ደረጃ፤ አባሪውን ይመልከቱ» ብለን ከሥዕሉ ጋር አስገባን። መዝገብ ቤቱ የፕሮቶኮል ቁጥር ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ይስተካከል ብሎ የጻፈልን የለም።