ስምንት አምፖል በአንድ ማታ

ኤልኢዲ (ትንሽ ኃይል የሚበላ አምፖል) ስለገጠምኩበትና ስለተቃጠለብኝ ጉዳይ ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም እንቅልፌም ይተርፍልኝ ስለነበር ነው።

የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ክረምት የጦሳ ጉም ሲወርድ ቤታችን በቀትርም ስለሚጨልም መብራት አናጠፋም። አምፖሎቻችን ሁሉ ባለ 60 ሻማ (60 ዋት) ነበሩ። አንዱ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 1.35 ብቻ ነው የሚበላው። ፒያሳ ሄጄ ስምንት ገዛሁ፤ ገጠምኩ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ መብራቱ በድንገት ነጣ። ዓይን እስኪወጋ ድረስ። ከዚያ ጷ! የሳሎኑ ሄደ፣ የኩሽናው ተከተለ፣ ስምንቱም አለቁ። በማግስቱ ሦስት ገዛሁ። እነሱም ተቃጠሉ። ባለሱቁን «የማይረባ ዕቃ ሸጥክልኝ» ብዬ ሰው ፊት ተናገርኩት። አሁንም ያሳፍረኛል፤ ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «የቤትሽ መስመር ነው፣ ኤሌክትሪሺያን አምጪ» አሉኝ። ማመልከቻ ጻፊ፣ የቆጣሪ ቁጥር አምጪ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ። አራት ቀን ተመላለስኩ። አንድም ሰው «ጎረቤትስ እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ያ አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይፈታው ነበር።

የጠየቅኋት እኔው ነኝ። ጎረቤቴ «የእኛማ ደብዝዞ እንደ ኩራዝ ሆኗል» አለችኝ። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ሲለካ 220 መሆን የነበረበት ቮልት 310 ሆኖ አገኘው። የጋራው ኒውትራል ሽቦ (ኃይሉ የሚመለስበት) ሲላላ አንዱ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣ መስመር) ላይ ያለ ቤት ከልክ በላይ ያገኛል፣ ሌላው ይጎድልበታል። ቮልቱ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የለካበትን መሣሪያ በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ጎረቤቴንም ይዤ ተመለስኩ። «አብሽሪ፣ ዛሬ አንለቃቸውም» አለችኝ። በዚያው ቀን ሠራተኞቹ መጥተው ምሰሶው ላይ ወጡ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ለአራት ቀን ያመላለሰኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለተቃጠለው ዕቃ የከፈለኝ የለም።

ሁሉንም አምፖል በአንዴ ቀይሩ ይባላል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ሳሎን፣ ኩሽና እና የበር መብራት ቀይሩ፤ ብዙ የሚበሩት እነሱ ናቸው። በቀን አሥር ደቂቃ የሚበራው የሽንት ቤት አምፖል እስኪቃጠል ይቆይ። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ዋቱን ሳይሆን ሉመኑን (የብርሃኑን መጠን) አንብቡ፤ ባለ 60 ሻማን የሚተካው 800 ገደማ ነው። በተዘጋ የመስታወት ሽፋን ውስጥ ኤልኢዲ አትክተቱ። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ውስጡ ያለውን ሰርኪዩት ይገድለዋል።

ደግሞ ሂሳባችሁ በአምፖል ብቻ በግማሽ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር የሚበላው ኃይል አንዱን ባለ 9 ዋት አምፖል ወደ 390 ሰዓት ያበራል። አሁን እኔና ጎረቤቴ ምጣዱ ከጋለ አይቀር በአንድ ቀን ተከታትለን እንጋግራለን።

ቮልት መለኪያም ገዝቼ ቆጣሪው አጠገብ ሰቅያለሁ። መብራቱ ነጣ ሲል መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አወርዳለሁ፤ ከዚያ የጎረቤቴን በር አንኳኳለሁ።