የፋርማሲ መምህራንን ኅትመት ስንቆጥር ለምን እናካፍላለን?

የአንድ ፋርማሲ ትምህርት ቤት መምህራን ምን ያህል ምርምር እንደሚያሳትሙ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሌት ቀላል ነው፤ በተወሰኑ ዓመታት የወጡት ጽሑፎች ተደምረው ለመምህራኑ ቁጥር ይካፈላሉ። ክርክሩ በአብዛኛው የሚነሣው የትኛው ጽሑፍ ይቆጠር፣ የትኛው ጆርናል ይመዘን በሚለው ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አካፋዩ ነው።

በፋርማሲ ትምህርት ቤት ውስጥ አዲስ ሞለኪውል የሚሠራ የመድኃኒት ኬሚስት፣ እንክብሉ እንዴት እንደሚሟሟ የሚያጠና የፋርማሲዩቲክስ ባለሙያ፣ የመድኃኒት ዋጋንና አጠቃቀምን የሚመረምር ተመራማሪ፣ እንዲሁም የሥራ ቀኑን ጉልህ ክፍል በሕሙማን ክፍሎች ከሐኪሞች ጋር እየዞረ ተማሪ የሚያሠለጥን የክሊኒካል ፋርማሲ መምህር አብረው ይሠራሉ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪና የዶክትሬት ተማሪዎች ሲኖሩት፣ ለመጨረሻው የሚተርፈው የምርምር ጊዜ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ አንድ ሰው ብሎ ቆጥሮ የሚያካፍል ስሌት የሚነግረን ስለ ሥራ ድልድሉ እንጂ ስለ መምህራኑ ትጋት አይደለም። በእኔ እምነት አካፋዩ መሆን ያለበት ለምርምር የተመደበው የሥራ ጊዜ ድምር ነው፤ ይህ መረጃ ከሌለ ደግሞ ቢያንስ ውጤቱ በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ ይቅረብ።

አማካዩም ቢሆን ያሳስታል። ዐሥር መምህራን አሉ እንበል፤ አንዱ 30 ጽሑፍ፣ ዘጠኙ ሁለት ሁለት ቢያሳትሙ አማካዩ 4.8 ይሆናል፣ ነገር ግን ከመካከላቸው አራት ወይም አምስት ጽሑፍ ያለው አንድም ሰው የለም። እንዲህ ያለው መዛባት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ሊቁ አልፍሬድ ሎትካ ጥቂት ጸሐፊዎች የኅትመቱን ትልቅ ድርሻ እንደሚይዙ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1926 ነበር። ስለዚህ ሚዲያኑ፣ ማለትም መምህራኑ በጽሑፋቸው ብዛት ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው ቁጥር፣ ከእርሱም ጋር ምንም ያላሳተሙት ብዛት አብሮ መገለጽ አለበት።

የጋራ ድርሰትም ሌላ ወጥመድ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት አምስት ባልደረቦች በጋራ የጻፉት አንድ ጽሑፍ በየስማቸው ሲደመር አምስት ይሆናል፣ በትምህርት ቤት ደረጃ ግን አንድ ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደተመረጠ ያልገለጸ ሠንጠረዥ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ሊነጻጸር አይገባም።

የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ ብዛትንና ተጠቃሽነትን በአንድ ቁጥር ያጣምራል፤ ቁጥሩ 12 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 12 ጊዜ የተጠቀሱ 12 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ይሁንና ቁጥሩ ከአገልግሎት ዘመን ጋር እያደገ ስለሚሄድ ለጀማሪ መምህር አይመችም፣ የመጠቀስ ልማዱም ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል። ጽሑፎችና የተጠቀሱበት ብዛት የሚቆጠሩበት የመረጃ ቋት ምርጫ ራሱ ውጤቱን ይለውጠዋል፤ ጉግል ስኮላር ከስኮፐስና ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ሰፋ ያለ ምንጭ ስለሚያካትት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተረቀቀው፣ ስለ ምርምር ምዘና የሚናገረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ የጆርናልን ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር) ለግለሰብ ተመራማሪ መመዘኛ ማድረግ እንዲቀር ጠይቋል። የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች የመምህራን ማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎች ይህን ጥሪ ከሌሎች ቀድመው ቢቀበሉት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ስሕተትን እንዲቀንስ የረዳ የክሊኒካል መምህር ጥናት ብዙ ያልተጠቀሰ፣ በአነስተኛ ጆርናል የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥናቱን አንብቦ የሚመዝን ሰው ካልተመደበለት በቀር በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አይታይም።