ጆዳን ከጀመርኩ ሰባት ወር

ባለፈው ማክሰኞ ማታ በአንድ እጄ የመታሁት መን (የራስ ምት) ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አማረ። ኬንዶ (የጃፓን የሰይፍ ስፖርት) የምትለማመዱ ታውቁታላችሁ፤ የሺናዩ (የቀርከሃ ሰይፉ) ጫፍ የራስ ቁሩን ልክ በቦታው ሲያገኘው የሚወጣ አጭርና ደረቅ ድምፅ አለ። ያን ድምፅ ሰባት ወር ጠብቄዋለሁ። ከእናንተም ጆዳን (ሺናይን ከራስ በላይ አንስቶ የመቆም አቋም) እያጓጓው የሚፈራ እንዳለ ስለማውቅ፣ የከበደኝንና የቀለለኝን ልንገራችሁ።

የምለማመደው እዚሁ ቶኪዮ ካትሱሺካ ውስጥ ነው፤ ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩበት አካባቢ። እስከ ሦስተኛ ዳን (የብቃት ደረጃ) ድረስ ከቹዳን በቀር ሌላ አቋም አልሞከርኩም። ቹዳን ቀኝ እግር ከፊት ሆኖ የሺናዩ ጫፍ የተጋጣሚን ጉሮሮ የሚያይበት መካከለኛው አቋም ነው፤ ጫፉ ራሱ አጥር ይሆንላችኋል። በግራ ጆዳን ግን ግራ እግር ወደ ፊት ይወጣል፣ ግራ ጡጫ ከግንባር በላይ አንድ ጡጫ ያህል ከፍ ይላል፣ ሺናዩ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ ጫፉ በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ተጋጣሚን የምታዩት በሁለት ክንዶቻችሁ መካከል ነው። ያ አጥር የለም። ደረታችሁም ጉሮሯችሁም ገላጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሰንሴይ (መምህሬ) ከሰው ፊት እንድቆም አልፈቀዱልኝም። በግራ እጅ ብቻ ማወዛወዝ፣ በየቀኑ። የአዋቂ ወንድ ሺናይ ከ510 ግራም ማነስ የለበትም፣ ርዝመቱም እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሽ ኪሎ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ከመያዣው ጫፍ በአንድ እጅ ይዞ በራስ ከፍታ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጨምድጄ እይዝ ነበርና በስድስተኛው ሳምንት ክርኔን አመመኝ። መያዝ ያለበት በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣት ነው፤ የቀሩት ጣቶች ይዳስሳሉ እንጂ አይጨብጡም። ክርናችሁ ካመማችሁ ጉልበት አትጨምሩ፣ መጀመሪያ አያያዛችሁን ተመልከቱ።

ሌላው የክርኔ ጠላት ደግሞ ቀኝ እጄ ሥራ መፍታቱ ነበር። «የአንድ እጅ ምት» የሚለው ስም ያሳስታል። ሺናዩን የሚያስነሳው ቀኝ እጅ ነው፤ ወደ ፊት ገፍቶ ይለቀውና ወዲያው ወደ ወገብ ይመለሳል። ግራው የተሰጠውን ተቀብሎ ያደርሳል። ይህን የተረዳሁ ቀን ክንዴ ቀለለኝ። እግርም አለ፦ በቹዳን ዘመን ሁሉ በቀኝ እግሬ ስረግጥ ኖሬ አሁን የሚረግጠው ግራው፣ ከኋላ የሚገፋው ቀኙ ሆነ። የቀኝ ባቴ እስኪለምደው አንድ ወር ወስዶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም።

ከባዱ የመጣው ከሰው ፊት ስቆም ነው። ቹዳን ለያዘ ሰው ኢላማ የሚሆነው ቀኝ ኮቴው ነው (የእጅ አንጓ መሸፈኛውን ማለቴ ነው፣ የእኛን «ኮቴ» አይደለም)። ጆዳን የያዘ ግን ሁለቱም ኮቴዎቹ ኢላማ ናቸው። የሚያውቅ ተጋጣሚ የሺናዩን ጫፍ ከፍ አድርጎ ወደ ግራ አንጓችሁ ያነጣጥራል። አራተኛና አምስተኛው ወር ለእኔ የግራ ኮቴ ወራት ነበሩ፤ አንጓዬ ሰማያዊ እስኪሆን ተመታሁ። ፍጥነት የጎደለኝ መስሎኝ ማወዛወዙን እጥፍ አደረግኩ፣ ግን ምንም አልተለወጠም።

ምስጢሩን ያገኘሁት አብሮኝ የሚለማመድ ልጅ በስልኩ ከቀረጸኝ በኋላ ነው። ተጋጣሚዬ አንድ እርምጃ ሲገባ እኔ አንድ እርምጃ እመለሳለሁ፤ በተመለስኩ ቁጥርም ግራ ጡጫዬ ከግንባሬ በታች ይወርዳል። ኮቴዬን የምሰጠው ራሴ ነበርኩ። ጃፓኖች ጆዳንን «የእሳት አቋም» ይሉታል። ቁጣ ማለት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን አለመጠበቅ ማለት ይመስለኛል። በቹዳን ጫፉ ይከላከልላችኋል፤ በጆዳን የሚከላከልላችሁ ተጋጣሚያችሁ «ብገባ ቀድሞ ይመታኛል» ብሎ ማመኑ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስትሉ ያ እምነት ይጠፋል።

ካታውንም (እንቅስቃሴው አስቀድሞ የተወሰነውን የጥንድ ልምምድ) ያኔ እንደ አዲስ አየሁት። በ1912 (እ.ኤ.አ.) በተደነገገው የኬንዶ ካታ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጆዳን ይዘው ሦስት እርምጃ ይቀራረባሉ። ኡቺዳቺ (ቀድሞ የሚሰነዝረው) በሙሉ ልቡ ይቆርጣል፣ ሺዳቺ (መላሹ) ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሰይፉን አየር ያስመታውና የኡቺዳቺን ራስ ይመታል። ለፈተና ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ! ኡቺዳቺ የመምህሩ ቦታ መሆኑን ግን ልብ አላልኩትም ነበር። ሳያመነታ የሚወርደውም፣ ምቱን የሚቀበለውም መምህሩ ነው። እርሱ ግማሽ ልብ ቢሆን ተማሪው የሚማረው ነገር አይኖርም።

ጆዳን በታላቅ ፊት ማንሳት እንደ ድፍረት ይቆጠራልና ከሰንሴይ ጋር ስገጥም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ እያልን አይደል ያደግነው?

የቆዩ ግጥሚያዎችን ማየት የምትወዱ ቺባ ማሳሺን ፈልጉ። በ1966፣ በ1969 እና በ1972 (እ.ኤ.አ.) የመላው ጃፓን ሻምፒዮን የሆነ የጆዳን ሰው ነው። ምቱን ብቻ ሳይሆን ከምቱ በፊት ያለውን እግሩን ተመልከቱ። እኔ መጀመሪያ እጁን ብቻ አይቼ ጊዜዬን አባክኛለሁ።

ገና ያልያዝኩት ብዙ ነው። ከጆዳን በአንድ እጅ ኮቴ መምታት አሁንም ከአሥር አንዴ ነው የሚሳካልኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ለሚመጣ ፁኪም (በጫፍ መውጋት) መልስ የለኝም። ሰንሴይ ግን ስለሁለቱም አሁን አታስብ አሉኝ። ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት የታዘዝኩት አንድ ነገር ነው፦ እጄን ሳላወርድና ሳልመታ፣ ተጋጣሚዬን እስከ አዳራሹ ግድግዳ ድረስ በእግሬ ብቻ መግፋት። ትናንት ግማሽ መንገድ ደርሻለሁ።