ኢንሱሊኔን ከሙቀት ስጠብቅ ብርድ በላብኝ

አይነት 1 ስኳር ከያዘኝ 11 አመት ሆኖኛል ግን ከሀገር ወጥቼ አላውቅም ነበር፣ እና የ12 ቀን ጉዞ ሲመጣ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኢንሱሊኑ ሙቀት ቢመታውስ?

ዝግጅቱን የጀመርኩት 6 ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ሐኪሜ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ስሜ ልክ ፓስፖርቴ ላይ እንዳለው፣ መርፌ እንደምይዝ፣ የመድሀኒቶቹም የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ዋናው ስማቸው፣ ግላርጂን (የረጅም ሰአቱ ኢንሱሊን) እና አስፓርት (ከምግብ ጋር የምወጋው) ብሎ፣ ምክንያቱም የንግድ ስም ከሀገር ሀገር ይለያያል። ከዛ የ12 ቀኑን ፔን (ኢንሱሊኑ ያለበት እስክሪብቶ መሳይ መውጊያ)፣ መርፌ፣ ስትሪፕ (ስኳር መለኪያ)፣ የኬቶን ስትሪፕ (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት የሚያመነጨውን አሲድ መለኪያ) ቆጠርኩና ሁሉንም እጥፍ አደረኩት። ግማሹ የኔ የእጅ ቦርሳ ውስጥ፣ ግማሹ አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ጋ። ለጭነት በሚገባው ሻንጣ ምንም አላረኩም፣ እዛ ሊጠፋም በብርድ ሊበላሽም ይችላል። (ይህን እያወቅኩ ያረኩትን ቆይታችሁ ታያላችሁ።)

ጭንቅላቴን ያዞረው ሰአቱ ነው። ወደ ምስራቅ 7 ሰአት ስለምንሄድ የመጀመሪያው ቀን 24 ሳይሆን 17 ሰአት ነው የሚሆነው፣ ስለዚ የረጅም ሰአቱን ኢንሱሊን በደረስኩበት ሀገር ሰአት ሙሉውን ብወጋ የትናንቱ ሳያልቅ ይደረብበታል። ሐኪሜ ለዛች አንድ ቀን ዶዙን ቀነሰልኝ፣ ስንት እንደሆነ አልጽፍም የኔ ቁጥር ለናንተ አይሆንም። ወደ ምእራብ ከሆነ ደሞ ቀኑ ይረዝማል፣ እሱ ሌላ ሂሳብ ነው። ስልክ ሰአቱን በራሱ ስለሚቀይር የእጅ ሰአቴን በቤት ሰአት ተውኳት፣ እሷ ባትኖር መቼ እንደወጋሁ ይጠፋብኝ ነበር።

አውሮፕላን ላይ ምግብ የጫነው ጋሪ ከሩቅ ሲመጣ አየሁና የምግቡን ኢንሱሊን ቶሎ ወጋሁ። ወዲያው አውሮፕላኑ መናጥ ጀመረ፣ ቀበቶ እሰሩ ተባለ፣ ጋሪው ተመለሰ። እኔ ደሞ ግሉኮሱን ከላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ ነው የከተትኩት! እጄ ሲንቀጠቀጥ ስኳሬን ለካሁት፣ 58 ሚሊግራም፣ በጣም ወርዷል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከረሜላ ባይሰጡኝ እንጃ። 15 ግራም ያህል ወስጄ 15 ደቂቃ ጠብቄ ስለካው ወደ 80 ወጣ። አሁን ትሪው ፊቴ ካልተቀመጠ አልወጋም፣ ግሉኮስም ኪሴ ውስጥ ነው።

እና ሆቴል ደረስን፣ ክፍሉ ውስጥ ትንሽዬ ፍሪጅ አየሁና ደስ አለኝ፣ በቃ ከሙቀት ተገላገልኩ ብዬ የኔን ፔኖች በሙሉ ወደ ጥግ ገፍቼ አስገባኋቸው። በ3ኛው ቀን ጠዋት ሳወጣቸው ውስጣቸው በረዶ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም፣ ንጹህ ቢመስልም አይታመንም፣ ጣልኳቸው። በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው፣ የኔ ፔኖች ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ ከፍሪጅ ውጪ 28 ቀን ይቆያሉ፣ ክፍሉ ደሞ ቀዝቃዛ ነበር። ለ12 ቀን ፍሪጅ ምን ያደርግልኛል? ከመሄዴ በፊት ከመድሀኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት አንብቤው ነበር እኮ!

ጓደኛዬ ጋ ያለው ይበቃኝ ነበር ግን ትርፍ የለኝም ማለት ነው፣ እሱን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ደብዳቤዬን ይዤ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የንግድ ስሙን አላወቁትም፣ ግላርጂን የሚለውን ሲያዩ ግን ወዲያው ገባቸው። ነርሷ ስኳሬን ለካችኝና 9.4 አለችኝ። ዘጠኝ ነጥብ አራት! በቁሜ ሞቻለሁ እንዴ ብዬ ግሉኮስ ከኪሴ አውጥቼ ልጎርስ ስል ሴትየዋ እጄን ያዘችኝ፣ ለካ እነሱ የሚለኩት በሚሊሞል ነው፣ እኔ ደሞ በሚሊግራም፣ 9.4 በ18 ሲባዛ 169።