ታይሮይድ ሆርሞን ጂን ሳይነካም ይሠራል

እንቅርት በጅማ ዙሪያ ገጠሮች ለዓይናችን እንግዳ አይደለም። እንቅርት አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ ነው፤ የንባብ ቡድናችንም ይህ ዕጢ በሚያመነጨው ሆርሞን ላይ ሰንበት ያለው ለዚህ ነው። ሰሞኑን ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን የተወያየንበትን ላካፍላችሁ።

ሁላችንም የተማርነው መንገድ ይኼ ነው። ቲ3 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ሴል ውስጥ ይገባል። ጂኖች ባሉበት የሴሉ ክፍል፣ በኒውክሊየስ ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ጂኖች ይነሳሉ ወይም ይታፈናሉ፣ የሚመረተው ፕሮቲንም ይለወጣል። እውነት ነው፣ ግን ሰዓታት፣ ሲብስም ቀናት ይፈጃል። አንዳንዱ የሆርሞኑ ሥራ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል።

እኔን ያሳመነኝ ቀይ የደም ሴል ነው። የሰው ቀይ የደም ሴል ከበሰለ በኋላ ኒውክሊየስ የለውም። የሚነሳም የሚታፈንም ጂን የለም ማለት ነው። ሆኖም ሆርሞኑ ሲደርሰው ሽፋኑ ላይ ያለው፣ ካልሲየም ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ሥራውን ይጨምራል። ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላየሁም!

ታዲያ ሆርሞኑ የት ነው የሚያርፈው? አንዱ ቦታ በ2005 ታወቀ፤ የሴሉ ሽፋን ላይ የሚገኘው ኢንተግሪን አልፋ-ቪ ቤታ-3 የተባለ ፕሮቲን ነው። እዚህ ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲ4 ከቲ3 ይልቅ አጥብቆ ይያያዛል። በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፤ ቲ4 ለቲ3 መሥሪያ የሚቀመጥ ጥሬ ዕቃ ብቻ ይመስለን ነበርና። ሲያያዝ ማፕ ካይኔዝ የሚባለው የሴል ውስጥ መልእክት አስተላላፊ ምልክት ይነሳል፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉም ይገፋፋል። ምልክቱ ዞሮ ዞሮ ኒውክሊየስ ሊደርስ ይችላል፤ መነሻው ግን ሽፋኑ ነው።

አስትሮሳይት የሚባሉት የአንጎል ደጋፊ ሴሎች ደግሞ የባሰ ይገርማሉ። የሴሉን ቅርጽ የሚይዙትን የአክቲን ክሮች እንዳይፈርሱ የሚጠብቁት ቲ4 እና ከቲ4 የሚገኘው ሪቨርስ ቲ3 ናቸው። ዋናው የምንለው ቲ3 እዚህ ቦታ የለውም። ሪቨርስ ቲ3ን እኮ ብዙ ጊዜ እንደ ተረፈ ምርት ነው የምናልፈው።

ነርስ የሆነች ጓደኛችን ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «እንዲህ ፈጣን ከሆነ ሌቮታይሮክሲን የጀመረ ሰው ለምን ሳምንታት ይጠብቃል?» ሌቮታይሮክሲን የታይሮይድ ሆርሞን ላነሰው ሰው የሚሰጥ ክኒን ነው፤ ክኒኑም ቲ4 ነው። ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ መጠኑ የሚረጋው ከሳምንታት በኋላ ነው። አብዛኛው የሰውነት ለውጥም የሚመጣው በዝግተኛው የጂን መንገድ ነው።

ቀጥሎ የማነበው ቲ3 የደም ሥርን በናይትሪክ ኦክሳይድ በኩል እንዴት እንደሚያላላ ነው። በዚህ ላይ ያነበባችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።